ቧንቧ ሊያዞሩ የመጡት ሰው

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። ይህን ደብተር የገዛሁት የልጅ ልጄ ሆሣዕና እንድትሥልበት ነበር። አንድ ገጽ ላይ ድመት ሣለችና ሰለቻት። ከሁለተኛው ገጽ እኔ ቀጠልኩ።

እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ትምህርቴም ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን ከእንግዲህ ያየሁትን በዕለቱ እጽፋለሁ። ባለፈው ኅዳር ሁሉንም አይቼ ነበር፤ «ተጠራጣሪዋ እኔ ነኝ» እያልኩ አለፍኩት። ልጄ ናኦሚ ስልኬን «ተበላሽቷል» ብላ ወሰደችብኝ፤ አመንኩ። ዓይኗ አብጦ ሳያት «አለርጂ ነው» አለችኝ፤ አመንኩ። ሰዎች ቤዝመንት እየወረዱ ሲያንሾካሹኩ ስለ ጣሪያው እድሳት የሚነጋገሩ መሰለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ምስር ቀቀልኩ፣ ቴሌቪዥን አየሁ፣ ሳቅሁም። ልጄ ባስልኤሌ ግን የጭነት መኪናው ወደ ባሪ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ተገልብጦበት ሬሳ ቤት ተኝቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አቶ ጥሩነህ ሽማግሎች አስከትለው መጥተው አረዱኝ።

ደንቡ ነው፣ አውቃለሁ። ለእናት ድንገት አይነገርም። እኔም አገር ቤት ሳለሁ በሰው ላይ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ቢሆንም ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ከእናቱ በፊት ሰማ። እነዚያን የሳቅሁባቸውን ቀናት የሚመልስልኝ የለም።

ሁለተኛ አልታለልም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ናኦሚ የባስልኤልን ጃኬት አጥባዋለች።

በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነው። ከመተኛቴ በፊት ከፍቼ አሸተው ነበር። ናፍጣ፣ ተደብቆ የሚያጨሳት ሲጋራ፣ አንገቱ ጋ ደግሞ የራሱ ሽታ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማውቀው። ጥር ላይ ያ ክፉ ጉንፋን ሲጥለኝ ተውኩት። ዛሬ ብከፍተው ምንም የለም። ከሱቅ እንደወጣ ልብስ።

«ናኦሚ፣ የወንድምሽን ጃኬት ማን አጠበው?»

«ማንም አላጠበውም፣ እማዬ። ቁም ሣጥንሽን ነክቼ አላውቅም። አይ ስዌር።»

«ታዲያ ሽታው የት ሄደ?»

ትክ ብላ አየችኝ። ኅዳር ላይም እንደዚህ ነበር የምታየኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ዳንፎርዝ መንገድ ካለው ሱቅ ያመጣሁት በርበሬ ሽታ የለውም። ጡብ ፈጭተው ሸጠውልኛል። ለጓደኛዬ ለተሻለች ደውዬ ነገርኳት።

«እኔም ከዚያው ሱቅ ነው የገዛሁት» አለች። «ገና ከረጢቱን ስፈታው አስነጥሶ ሊገድለኝ!»

ለእሷ ደህናውን፣ ለኔ የተረፈውን። ሐዘንተኛ አያይም ብለው ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ሆሣዕና ከዴይኬር፣ ከሕፃናት ማቆያው፣ እናቷን ናኦሚን ተከትላ ገባችና አፍንጫዋን ያዘች። «ናና፣ ስቲንኪ! ስቲንኪ!» እያለች ትዞራለች፤ ይገማል ማለቷ ነው። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከራሷ አላመጣችውም። የሽሮ ሽታ የሚያሳፍር መሆኑን ያስተማራት አለ።

ናኦሚ በዚህ ብርድ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች። ወደ ምድጃው ሮጣ መዝጊያውን ጠመዘዘች።

«እማዬ፣ ጋዝ አይሸትሽም?»

«ሸቶኛል። ልዘጋው ስል ነው የመጣሽው።»

ክርክር ስለማልፈልግ ነው እንደዚያ ያልኳት። ሽሮው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶት ነበር። ሽሮ ይገነፍላል፤ ሽሮ ነዋ።

ዓርብ፣ የካቲት 28

አዲስ ነገር። ናኦሚ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ትልቅ ፍሪጅ፣ ሰፊ የጋዝ ምድጃ። ምድጃው አሁን ያለው ቦታ አይበቃውም አለች። ወደ ማዶው ግድግዳ ይሄዳል፣ የጋዙም ቧንቧ አብሮት ይዞራል።

«ይሄኛው ምን ሆነ?»

«አረጀ።»

«ከባስልኤል ጋር ቤቱን ስትገዙ የገዛችሁት አይደለም? ትናንት እኮ ነው!»

«ኢትስ ታይም፣ እማዬ። ለመንፈቁም ብዙ ሰው ይመጣል። የሚመች ኪችን ይኑርሽ።»

መንፈቁን ምን ቀላቀለው? ለአርባውም ለሰማንያውም በዚሁ ምድጃ አብስያለሁ፤ አንድም ሰው ሳይበላ አልሄደም።

ማታ ተሻለች ጋ ደወልኩ። «ኪችን የሚያድስ ሰው ቤት ሊሸጥ ነው» አለችኝ። «አንቺን ሲኒየርስ ቢልዲንግ፣ አረጋውያን የሚጠራቀሙበት ሕንፃ ውስጥ ይከቱሻል። እኔ ጋ ነይ። ቢያንስ እኔ አላንኮራፋም።»

«ታንኮራፊያለሽ እንጂ!»

«ማን ነገረሽ?»

እሷ ትስቃለች። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቤት መሸጥ ብቻ ቢሆን ናኦሚ ዓይኔን ማየት አያቅታትም ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ከኪችን ካቢኔቱ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ነጭ ሣጥን ተሰክቷል። የሳሙና መያዣ ያክላል፤ አረንጓዴ መብራት አለው።

«ለኢንተርኔት ነው» አለች ናኦሚ።

የኢንተርኔቱ ሣጥን ሳሎን ነው ያለው። አላወቀችም መሰለኝ እንጂ እኔ ነኝ አቧራውን የምወለውለው። ይህ ካሜራ ነው። ሥራ ስትሄድ ወንበር ላይ ወጥቼ ነቀልኩት፤ ከመምጣቷ በፊት መልሼ ሰካሁት። አላወቀችም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። አቶ ጥሩነህ! የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።

«እትዬ ቦጋለች፣ እንዴት ሰነበቱ? ቧንቧውን ለማየት ነው የመጣሁት» አሉ።

እውነት ነው፣ ሥራቸው የጋዝ ቧንቧ መግጠም ነው። ፈቃድ አላቸው፣ ፒካፕ መኪናቸው ላይ ተጽፏል። ግን በዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ጋዝ ገጣሚ አለ? ለኔ እሳቸው መርዶ ነጋሪ ናቸው። የኛ ሰው ሁሉ እሳቸውን ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ማየት ይፈራል።

ግድግዳውን ለኩ፣ በሳሙና አረፋ የድሮውን ቧንቧ መገጣጠሚያ ቀቡና አዩ። «ከዚህ አያፈስም» አሉ ለናኦሚ። ከዚያ ሁለቱም ቤዝመንት ወረዱ።

ኪችን ወለሉ ላይ የማሞቂያው ፍርግርግ አለ። ቤዝመንት የሚወራ በዚያ በኩል ይሰማል፤ ናኦሚ ይህን አታውቅም። ተንበርክኬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ቀስ ተብሎ ነው መነገር ያለበት» ይላሉ አቶ ጥሩነህ።

«አሁን አትችለውም። ባስልኤል ገና ስድስት ወር አልሞላውም። ከመንፈቁ በኋላ…»

«በዘገየ ቁጥር ይብሳል፣ ልጄ። እኔ ስንቱን አይቻለሁ።»

ከዚያ የማሞቂያው ነፋስ ተነሣና ድምፃቸውን ወሰደው።

ቤት ስለ መሸጥ እንዲህ አይወራም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

አቢይ አልደወለም።

የቀረኝ ወንድ ልጅ እሱ ነው። አልበርታ፣ ፎርት መክመሪ፣ ነዳጅ ከሚያወጡት ጋር ይሠራል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ይደውላል። ባለፈው እሑድም አልደወለም፤ ደክሞት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ናኦሚን ጠየቅኋት። «ካምፕ ገብቷል፣ ኔትወርክ የለም» አለች። ይህን ስትል ድንች ትልጥ ነበር፤ ቀና አላለችም።

ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሴቶቹ ጋ ስደርስ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ ትከሻዬን ዳበሰችኝ። ለምን ትዳብሰኛለች?

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

አቢይ አያነሣም። መልእክት ተውኩ። እንደገና ተውኩ። መልእክቱን ማን እየሰማው እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ዛሬ ናኦሚ ሆሣዕናን ዴይኬር አልወሰደቻትም፤ ትንሽ አተኩሷት እኔ ጋ ዋለች። ሶፋው ላይ አስተኛኋት። ነጩን ሣጥን እንደልማዴ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሽሮ ጥጄ ጸሎት ላይ ተቀመጥኩ።

ናኦሚ በሩን ከፍታ ገና አንድ እግሯን ሳታስገባ ጮኸች። የእንግሊዝኛ ጩኸት አይደለም፤ «ኧረ ልጄን!» ብላ ነው የጮኸችው። ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ አንሥታ በረንዳ ወጣች፣ በረዶው ላይ። ከዚያ ተመልሳ መጣች፤ ምድጃውን ዘጋች፣ መስኮቱን፣ የጓሮውን በር ከፈተች፣ እኔን በክንዴ ጎትታ አወጣችኝ።

ሽሮው ገንፍሎ ነበር። ከዚህ በላይ የተፈጠረ ነገር የለም።

ቤቱ እስኪናፈስ ቆይተን ገባን። ሣጥኑን ፈለገች። መሳቢያ ውስጥ አገኘችው። ትቆጣለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣችም። ሣጥኑን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሰው ለሣጥን አያለቅስም።

በኋላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ረጅም ጊዜ ስልክ አወራች። ቆሻሻ የምጥል መስዬ አጠገቧ አለፍኩ። «ለእሷ ምንም እንዳትነግራት» ስትል ሰማኋት።

አቢዬ። አቢዬ። አቢዬ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ናኦሚ ሥራ መሄድ ትታለች። ኤርፖርት አጠገብ ካለው የካርጎ ቢሮ ደውለው ሲቆጧት በሩ ሥር ሰማሁ። «ፋሚሊ ኢመርጀንሲ» አለቻቸው።

ስልኬን ወሰደች። «አፕዴት ይፈልጋል» ብላ። ማታ መለሰችልኝ፤ አንድ የማላውቀው ሥዕል ገብቶበታል። አልነካሁትም።

ኅዳርም በስልኬ ነበር የጀመረው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ኪችኑን ባዶ አደረገችው። ድስቱ ሁሉ ሳሎን ወጣ። ሶፋው ተገፋ፣ ወንበሮቹ ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ። «ቅዳሜ አቶ ጥሩነህ ቧንቧውን ሊያዞሩ ነው» ትለኛለች። ቅዳሜ፣ ሥራ የሌለበት ቀን። ለቀስተኛም ሥራ የማይገባበት ቀን።

ተሻለች ደወለች። «ነገ ማታ እኔ ጋ ነይና እደሪ። ቅዳሜም እዚሁ ዋዪ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማን ያዘኛል? ናፍቀሽኝ ነው።»

«አንቺን ሰው ናፍቆሽ አያውቅም።»

«ውይ፣ ምላስሽ! በቃ እኔ የማወራበት ሰው አጣሁ። ናኦሚም አቧራው ደረትሽን ያምሻል አለች…»

«ናኦሚ ነገረችሽ?»

«አይ… እንዲያው…»

ስልኩን ዘጋሁባት። ጓደኛዬም ታውቃለች። አልሄድም። የሚነግሩኝ ከሆነ በገዛ ቤቴ፣ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን ገልጬ እሰማለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20፣ ማታ

በዝግታ ልጻፈው፤ እንዳለ ልጻፈው።

ከሌሊቱ ጀምሮ አልተኛሁም። ጥቁሬን ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ፣ ከተደረደሩት ወንበሮች በመጨረሻው ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ ደርቆ ነበር። «ይህን ጊዜስ አልሳቅሁም» አልኩ ለራሴ። እሱ ብቻ ነው መጽናኛዬ።

ጎህ ሲቀድ መኪና ቆመ። የወንዶች እግር ሰማሁ። ናኦሚ ሳትነቃ ቀድሜ በሩን ከፈትኩ። አቶ ጥሩነህ ከፊት፣ ከኋላቸው ሁለት ሰዎች። ልክ እንደ ኅዳሩ።

አቶ ጥሩነህ ሊስቁልኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነጠላዬን አዩ። በትከሻዬ በኩል ወንበሮቹን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ከዚያ በዚያ በማውቀው ድምፃቸው፦

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ ቦጋለች» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ደረቴን መታሁ። «አቢዬ! አቢዬን!» ብዬ ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ሁለቱ ሰዎች ምድጃ የያዘ ትልቅ ካርቶን ተሸክመው ነበር፤ ቀስ ብለው በረንዳው ላይ አስቀምጠው እነሱም ኮፍያቸውን አወለቁ። አንደኛው ቻይና ነው፤ እሱም አወለቀ።

ናኦሚ በሌሊት ልብሷ ከፎቅ ሮጣ ወረደች። «ምንድነው? ምን ሆነች?»

«ልጄ፣ ማን ነው ያረፈው?» አሏት አቶ ጥሩነህ እንባቸውን እየጠረጉ። «ምነው ሳትደውይልኝ?»

«ማን አረፈ?»

«እኔ ነኝ እንጂ የምጠይቅሽ!»

ናኦሚ እኔን አየች፣ ነጠላዬን አየች፣ ወንበሮቹን አየች፣ አቶ ጥሩነህን አየች። «ኦ ማይ ጋድ» አለችና ስልኳን አወጣች። ብዙ ጠራ። ከዚያ አንድ ያበጠ፣ ጸጉሩ የቆመ ፊት ታየ።

«ናኦሚ፣ እዚህ እኮ ገና ሌሊት ነው። ማን ሞተ?»

«አንተ!»

«እኔ? ማን አለ?»

«እማዬ።»

ስልኩን ፊቴ ላይ አመጣችው። አቢይ ነው። እኔ ግን አላመንኩም፤ ዛሬ በስልክ የሞተ ሰው ማናገር ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

«እማ፣ እኔ ነኝ! እየኝ! ሞቼ ከሆነ ማታ የበላሁት በርገር ለምን ሆዴን ይቆርጠኛል?»

«በሁዳዴ በርገር?» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ አመንኩ። ጾም የሚሽር ሙት የለም።

አለቀስኩ፣ ሰደብኩት፣ ስክሪኑን ሳምኩት። «ለምን አትደውልም? ለምን አታነሣም?»

«ናኦሚ ናታ! አፍህ አያርፍም፣ ስለ ጋዙ ትነግራታለህ ብላ ኮል እንዳላደርግ…»

«አቢይ፣ ሸት አፕ!»

«የምን ጋዝ?» አልኩ።

አቶ ጥሩነህ በሥራ ልብሳቸው ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ስልኩ ናኦሚ እጅ ላይ እንደበራ ነው፤ አቢይም ይሰማል።

«እትዬ ቦጋለች፣ ይሄ መርዶ አይደለም፤ ቢሆንም እንደ መርዶ ደብቀነዎታል። ስሕተቱ የኔም ነው። ቧንቧው ጤነኛ ነው። ምድጃው ላይ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙ ግን ይወጣል፤ ቤቱን ይሞላል። ይህ ደጋግሞ ሆኗል። ባለፈው ልጅቷ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር። አዲሱ ምድጃ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ ይዘጋል። ሰፊ ስለሆነ ነው ቧንቧው የሚዞረው።»

«ሣጥኑስ?»

«ጋዝ ሲወጣ የሚጮህ ማንቂያ ነው» አለች ናኦሚ። «ከስልክሽም ጋር ያገናኘሁት ለዚያ ነው። እንዳታዝኚ ብዬ… ከባስልኤል በኋላ ደግሞ ይህን ብነግርሽ ትሰበሪያለሽ ብዬ…»

«እትዬ፣ አይሸትዎትም እንዴ?» አሉኝ አቶ ጥሩነህ።

«ይሸተኛል» አልኩ።

ሰዎቹ ካርቶኑን አስገቡ። ቀኑን ሙሉ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ግድግዳው ሲቦረቦር፣ ቢጫው ቧንቧ ሲታጠፍ፣ መገጣጠሚያው ሲጠብቅ አየሁ። ነጠላዬን አላስተካከልኩም። ረስቼው ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ናኦሚን ጠርቼ እንዲህ አልኳት፦ «ሰው ቢሞት ንገሪኝ። ቤት ቢቃጠል ንገሪኝ። ያቃጠልኩት እኔ ብሆንም ንገሪኝ። በጓዳ አትምከሪብኝ። እኔ መጨረሻ ላይ የምሰማ ሰው አይደለሁም፤ እናት ነኝ።»

«ኦኬ» አለች።

«ኦኬ መሐላ አይደለም።»

«እሺ፣ እማዬ። በባስልኤል።»

ቅዳሴ ቀረሁ። ጃኬቱን እንደገና ከፈትኩና ለረጅም ጊዜ ፊቴን ደፋሁበት። ናኦሚ አላጠበችውም። በሐሰት ከሰስኳት። የቀረውን ዛሬ አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

አዲሱ ምድጃ ላይ ምስር ሠራሁ። ሆን ብዬ በውኃ እሳቱን አጠፋሁትና አየሁት። ቋ አለና ዘጋ። ናኦሚ ከበሩ ሥር ሆና ታየኝ ነበር።

ተሻለች ደውላ «ታርቀሻል?» አለች። «ከማን?» አልኳት። «ከኔ!» አለች። «አንቺን ገና አስቤበት ነው።»

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ወደ ሥራዋ ተመልሳ የነበረችው ናኦሚ ዛሬ በቀን መጣች። ሆሣዕና ሶፋው ላይ ተኝታለች፤ እኔ ጎመን እከትፋለሁ። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በረዶ የቀላቀለ ጭቃ ወለሉ ላይ እየጎተተች መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማዬ፣ ከሥራ ቀነሱኝ።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«መቼ?»

«አሁን። ከቢሮ መውጣቴ ነው።»

«ከኔ በፊት ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። መኪና ውስጥ ለአቢይ ልደውል ስልኩን አንሥቼ ነበር፤ ተውኩት። መጀመሪያ ላንቺ ብዬ።»

«ተመስገን» አልኩ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

«እማዬ! ሥራ የለኝም እኮ ነው የምልሽ!»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

ካፖርቷን እኔ አወለቅሁላት። እጇ በረዶ ነው። በሁለት እጄ ይዤ ቆየሁ። ማልቀስ ጀመረች፤ አላስቆምኳትም። ስትጨርስ፣ ከጥር ወሩ ጉንፋን ወዲህ ምንም ነገር እንደማይሸተኝ ነገርኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗን አላሸሸችም።

«ከኔ በፊት ለማን ነገርሽ?» አለችኝ።

«ለማንም» አልኳት።